የብሎክቼን መገበያያ የፊት ገጽ ኮድ፦ ማህደሩ እንዴት ይደራጃል? ለምንስ ይጠበቃል?

ብሎክቼን ሲባል ብዙዎቻችን ቶሎ ትዝ የሚለን ቢትኮይን ነው። በብሎክቼን ላይ የሚሰሩ የመገበያያ መተግበሪያዎች ግን ሁለት ክፍሎች አሏቸው። አንደኛው ስማርት ኮንትራክት ይባላል፤ ብሎክቼኑ ላይ ተቀምጦ ልውውጡን ራሱ የሚያከናውን ፕሮግራም ነው። ሁለተኛው ተጠቃሚው በስልኩ ወይም በኮምፒውተሩ የሚያየው ገጽ ነው፤ የዋጋው ሠንጠረዥ፣ የመለዋወጫው ቁልፍ፣ "ዋሌት አገናኝ" የሚለው ሳጥን ማለት ነው። ባለሙያዎቹ ፍሮንት ኢንድ ይሉታል። የዚህ ጽሑፍ ትኩረት ይሄ ሁለተኛው ነው።

"ብሎክቼን ላይ የተጻፈ አይለወጥም" ሲባል የሚወራው ስለ መጀመሪያው ክፍል ነው። ገጹ ግን እንደማንኛውም ድረ ገጽ ሰርቨር ላይ የተቀመጠ ኮድ ስለሆነ ይለወጣል። ለምሳሌ ዩኒስዋፕ እ.ኤ.አ. በኖቬምበር 2018 በኢቴሪየም ላይ ሥራ የጀመረ መገበያያ ነው። እ.ኤ.አ. በጁላይ 2021 ገጹን የሚያስተዳድረው ኩባንያ የተወሰኑ ቶከኖችን ከገጹ ላይ አነሳ። ኮንትራክቱ ግን አልተነካም፤ በሌላ መንገድ የገባ ሰው እነዚያኑ ቶከኖች መለዋወጥ ይችል ነበር። እንግዲህ ሁለቱ አንድ እንዳልሆኑ ከዚህ መረዳት ይቻላል።

ሪፖዚተሪ ምንድን ነው?

የገጹ ኮድ የሚቀመጥበት ማህደር ሪፖዚተሪ ይባላል። አብዛኛውን ጊዜ የሚያዘው ሊነስ ቶርቫልድስ እ.ኤ.አ. በ2005 በሰራው ጊት በተባለ ፕሮግራም ነው። ጊት እያንዳንዱ ለውጥ መቼ፣ በማን ስምና ምን ተብሎ እንደገባ ይመዘግባል። አንዱ ምዝገባ ኮሚት ይባላል። ለእኛ ለጋዜጠኝነት ተማሪዎች ነገሩ እንግዳ አይደለም፤ ረቂቁ፣ የአርታኢው እርማትና የመጨረሻው ኮፒ ሳይጠፉ በአንድ ፋይል ተያዙ እንደማለት ነው። ሆኖም ኮሚቱ ላይ ያለውን ስም የሚሞላው ጸሐፊው ራሱ ነው። ዲጂታል ፊርማ ከሌለው ስሙን ብቻ አይቶ "እገሌ ነው የጻፈው" ማለት አይቻልም።

እንዲህ ያለ ማህደር ሲደራጅ ቢያንስ የሚከተሉት ይሟላሉ፦

1. ምስጢር ከኮድ ይለያል። የአገልግሎት ቁልፎችና የይለፍ ቃሎች ለብቻቸው ፋይል ይሰራላቸውና ጊት እንዳይመዘግባቸው ይታዘዛል። ቁልፉ አንዴ ከገባ መሰረዝ ብቻ አይበቃም፣ በታሪኩ ውስጥ ይቀራልና ቁልፉ ራሱ መቀየር አለበት። ወደ ተጠቃሚው ብራውዘር በሚላከው ኮድ ውስጥም ምስጢር አይደበቅም፤ ፈልጎ ለሚያየው ሁሉ ይታያል።

2. አድራሻዎች በአንድ ቦታ ይያዛሉ። የኮንትራክቶቹ አድራሻና የኔትወርኩ መለያ ቁጥር በየገጹ ከተበተኑ ስህተት አይቀርም። የዋናው ኢቴሪየም ቁጥር 1 ሲሆን ሴፖሊያ የተባለው የመሞከሪያ ኔትወርክ ደግሞ 11155111 ነው። ሁለቱ ከተምታቱ ሙከራ ነው የተባለው በእውነተኛ ገንዘብ ይሆናል።

3. የሌላ ሰው ኮድ ስሪቱ ይቆለፋል። አንድ ገጽ ሌሎች የሰሯቸውን በርካታ ፓኬጆች ይጠቀማል። የትኛው ስሪት እንደተወሰደ በመቆለፊያ ፋይል ካልተጻፈ ዛሬ የተሰራውና ነገ የሚሰራው ገጽ ይለያያሉ።

4. ወደ ዋናው ቅርንጫፍ ማንም ዝም ብሎ አይጽፍም። ለውጡን ሌላ ሰው አንብቦ ካጸደቀው በኋላ ብቻ ይገባል።

5. የመግቢያ ፈቃድ ይቆጠራል። አካውንቶች ሁሉ በሁለት ደረጃ ማረጋገጫ ይጠበቃሉ፤ ሥራ የለቀቀ ሰው ፈቃዱ በዚያው ቀን ይነሳል።

አምስተኛው ቀላል ይመስላል። ግን ጉድ የሚመጣው ከዚህ ነው።

ማህደሩ ሳይነካ ገጹ ሲለወጥ

ሌጀር የዋሌት መሣሪያ የሚሰራ የፈረንሳይ ኩባንያ ነው። ድረ ገጾች ከመሣሪያው ጋር እንዲገናኙ ኮኔክት ኪት የተባለ ኮድ ያሰራጭ ነበር። እ.ኤ.አ. ዲሴምበር 14 ቀን 2023 አጥቂዎች አንድን የቀድሞ ሠራተኛ በማታለያ መልእክት አጥምደው ኮዱ የሚሰራጭበትን የኤንፒኤም አካውንት ተጠቀሙና 1.1.5፣ 1.1.6 እና 1.1.7 የተባሉ የተመረዙ ስሪቶችን አወጡ። ሱሺስዋፕን የመሰሉ ገጾች ኮዱን የሚያመጡት ገጹ በተከፈተ ቁጥር ከማሰራጫው ላይ ነበር። ስለዚህ በራሳቸው ማህደር አንድ ፊደል ሳይነካ ገጻቸው ተለወጠ። ኩባንያው እንደገለጸው ፋይሉ ለ5 ሰዓት ያህል ቆይቷል፤ ገንዘብ የተወሰደው ግን ከ2 ሰዓት ባነሰ ጊዜ ውስጥ ነው። የተወሰደው 600 ሺህ የአሜሪካ ዶላር ገደማ እንደሆነ ተዘግቧል።

በእኛ ሙያ ቋንቋ አርታኢው ያጸደቀው ኮፒ ንጹህ ነው፣ ማተሚያ ቤት ውስጥ ግን አንድ አንቀጽ ተሰክቶበታል። ሦስተኛው ነጥብ እዚህ ላይ አያድንም፤ ከውጭ በቀጥታ የሚጠራን ኮድ የመቆለፊያው ፋይል አያውቀውም።

የባይቢት ጉዳይ ደግሞ ከዚህ የከፋ ነው። እ.ኤ.አ. ፌብሩዋሪ 21 ቀን 2025 ከዚህ መገበያያ 1.5 ቢሊዮን ዶላር ገደማ ተሰረቀ። አጥቂዎቹ ባይቢት የሚጠቀምበትን ሴፍ የተባለ ዋሌት የሚሰራ አንድ ባለሙያ ኮምፒውተር ሰብረው የገጹን የጃቫስክሪፕት ፋይል ቀየሩ። ፈራሚዎቹ ስክሪን ላይ ያዩት የተለመደ ዝውውር ነበር፤ የፈረሙት ግን ሌላ ነው። ኤፍቢአይ ድርጊቱን የሰሜን ኮሪያ ነው ብሏል።

ታዲያ እኛን ምን አገባን?

በሁለቱም ጊዜ "ብሎክቼን ተሰበረ" ብሎ መጻፍ ስህተት ይሆን ነበር። ብሎክቼኑ የታዘዘውን ፈጽሟል፤ የተበላሸው ትእዛዙ የተሰጠበት መስኮት ነው። ስለዚህ እንዲህ ያለ ዜና የሚሰራ ሰው ሦስት ነገር ይጠይቅ፦ የተለወጠው ኮንትራክቱ ነው ወይስ ገጹ? ማህደሩ ውስጥ ያለውና ለሕዝብ የወጣው ኮድ አንድ ናቸው? የማውጣት ፈቃድ የነበረው ማን ነው? የማህደሩ ታሪክ ክፍት ከሆነ የመጀመሪያዎቹን ሁለቱን ራሱ ገብቶ ማየት ይችላል፤ የኩባንያውን መግለጫ ቁጭ ብሎ መጠበቅ የለበትም።

ተጠቃሚውም ቢሆን "ፈርም" የሚል ሳጥን ሲመጣለት የሚልከውን መጠንና የተቀባዩን አድራሻ በዋሌቱ ላይ ያንብብ፣ ካልገባው አይፈርም። "ያልጠረጠረ ተመነጠረ" የሚባለው ለዚህም ይሰራል፤ እዚያ የወጣ ገንዘብ ደውለህ የምታስመልሰው አይደለምና።