በጎብኚ ቪዛ ዒላማ መተኮስ

ላስ ቬጋስ ለጎብኚዎች ከምታቀርባቸው መዝናኛዎች አንዱ በኪራይ መሣሪያ ዒላማ መተኮስ ነው። ፎርም ያስፈርማሉ፣ ከሽጉጥ እስከ ክላሽ ከተደረደረው ያስመርጣሉ፣ አሠልጣኝ ይመድባሉ። ለዚህ አምድ የጻፈችውን ጠያቂ እዚያው ከተማ የሚኖረው የአክስቷ ልጅ ሊወስዳት ቀጠሮ ይዞ ገንዘቡንም ከፍሏል። እሷ ከአዲስ አበባ የምትሄደው በጎብኚ ቪዛ ነው። መሣሪያ ትፈራለች፤ እምቢ ብላ ልታስቀይመውም አትፈልግም። የጠየቀችው ፍርሃቷን የምታሸንፍበትን መላ ነው። ከፍርሃቱ በፊት መታየት ያለበት ግን ቪዛዋ ነው።

የአሜሪካ ፌዴራል ሕግ ከ1998 ጀምሮ በጊዜያዊ ቪዛ የገባ የውጭ ዜጋ የጦር መሣሪያም ሆነ ጥይት እንዳይዝ ይከለክላል። ክልከላው የጎብኚንም የተማሪንም ቪዛ ይመለከታል። መያዝ ሲባል መግዛት ወይም ቤት ማስቀመጥ ብቻ አይደለም፤ በተኩስ ሜዳ ለጥቂት ደቂቃ ተከራይቶ መተኮስም ይጨምራል። ከ2022 ወዲህ ቅጣቱ እስከ 15 ዓመት እስራት ሊደርስ ይችላል። ብዙ ጎብኚ ይህን ሳያውቅ ተኩሶ፣ ፎቶ ተነሥቶ አገሩ ይገባል። ያ ፎቶ ግን በገዛ እጅ የተለጠፈ ማስረጃ ነው፤ ዳፋውም ለሚቀጥለው ቪዛ ሊተርፍ ይችላል።

ጉዳዩ ፍርድ ቤት ደርሶም ያውቃል። ሬሃይፍ የተባለ የተባበሩት አረብ ኤሚሬቶች ዜጋ በተማሪ ቪዛ ፍሎሪዳ ገብቶ፣ ከዩኒቨርሲቲ ከተሰናበተ በኋላ በአንድ የተኩስ ሜዳ ሁለት መሣሪያ ተኩሷል። በሕገ ወጥ መንገድ እየኖረ መሣሪያ በመያዝ ተከሶ 18 ወር ተፈረደበት። ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ በ2019 ፍርዱን የሻረው ዐቃቤ ሕግ ሰውየው የመኖሪያ ፈቃዱ ሁኔታ መለወጡን ያውቅ እንደነበር ማስረዳት አለበት በማለት ነው። ይህ ሕጉን አላውቅም ለሚል ሰው መሸሸጊያ አይሆንም። በቪዛ የገባ ሰው ደግሞ በቪዛ መግባቱን ያውቃል።

ክልከላው ሁሉንም እንግዳ እኩል አይነካም። ያለ ቪዛ የመግባት መብት ካላቸው አገሮች በዚያው መንገድ የገቡ፣ ለምሳሌ የጀርመን ወይም የብሪታንያ ፓስፖርት የያዙ ትውልደ ኢትዮጵያውያን፣ በዚህ አንቀጽ አይያዙም፤ እስራኤልም በ2023 ከእነዚህ አገሮች ተርታ ገብታለች። በዲቪ ሄዶ ግሪን ካርድ የያዘም በጊዜያዊ ቪዛ ላይ ስላልሆነ ክልከላው አይመለከተውም። ዱባይ ወይም ሪያድ እየኖረ በኢትዮጵያ ፓስፖርት ቪዛ አውጥቶ የሚሄደው ግን እንደ ጠያቂዋ ነው። የጥገኝነት መልስ የሚጠባበቅ ሰው የኢሚግሬሽን ጠበቃውን ሳያማክር መሣሪያ ባይነካ ይሻለዋል።

ሕጉ ለቪዛ ባለቤቶች ከተዋቸው በሮች አንዱ የአደን ፈቃድ ነው። ከየትኛውም የአሜሪካ ግዛት የተሰጠና ጊዜው ያላለፈበት ፈቃድ የያዘ እንግዳ መተኮስ ይችላል፤ በብዙ ግዛቶች ግን ፈቃዱን ለማግኘት በቅድሚያ የአዳኞች ደህንነት ትምህርት መውሰድ ያስፈልጋል። ወረቀቱ መውጣት ያለበት መሣሪያው ከመነካቱ በፊት ነው። የሜዳው ሠራተኛ «ችግር የለም» ማለቱ ከክስ አያድንም።

ፈቃድ ያወጣች እንደሆነ የጠያቂዋ ፍርሃት ተገቢ ቦታ ያገኛል፤ መፍራቷ ነውር አይደለም። አፈሙዝ ሁልጊዜ ወደ ዒላማው ይዞራል፤ ጣት ለመተኮስ እስኪወሰን ቃታ ላይ አያርፍም። በላስቲክ የጆሮ መድፈኛ ላይ ትልቁን የጆሮ መሸፈኛ መደረብ ይበጃል። አንገቱ የተከፈተ ልብስ አይመረጥም፤ ከመሣሪያው የሚፈናጠረው ቀለህ ትኩስ ስለሆነ ደረት ውስጥ ገብቶ ያቃጥላል፤ የተቃጠለው ሰውም ደንግጦ አፈሙዙን ወደ ጎን ያዞረዋል። የእርሳስ ብናኝ ስላለ ሲወጡ እጅን በሳሙና መታጠብ ያስፈልጋል፤ ነፍሰ ጡር ከነጭራሹ ብትቀር ይሻላል። ጀማሪ አውቶማቲክ መሣሪያ መያዝ የለበትም። በ2014 አሪዞና ውስጥ ጎብኚዎችን በሚያስተናግድ የተኩስ ሜዳ የ9 ዓመት ልጅ ኡዚ የተባለውን አውቶማቲክ መሣሪያ ስትተኩስ ከቁጥጥሯ ወጥቶ አጠገቧ የቆመውን አሠልጣኝ ገድሏል።

ፈቃዱን ካላወጣች ግን ለአክስቷ ልጅ መልሱ አጭር ነው፦ «ወንድምዬ፣ ቪዛዬ አይፈቅድልኝም፤ አንተ ተኩስ፣ እኔ አይሃለሁ።» መሣሪያም ጥይትም ሳይነኩ ከተመልካች ጋር መቆም በሕጉ አይከለከልም። የማስታወሻ ፎቶውም ያለ መሣሪያ ይነሣ።