ቆሻሻውን የት እንጣለው?

ተራ ሲጠብቁ ይህን ጽሑፍ የሚያነቡ እናቶችና አባቶች «የቤተሰብ ምጣኔና የቆሻሻ ነገር ምን አገናኛቸው?» ይሉ ይሆናል። ልጅን አራርቆ መውለድ ያስፈለገው የተወለደው ልጅ በጤና እንዲያድግ ነው። ልጁ የሚድህበት ደጅ የቆሻሻ ክምር ከሆነ ግን የልፋታችን ግማሹ ከንቱ ይቀራል።

ዝናቡ የት ይወስደዋል?

ወላይታ ሶዶ በዳሞታ ተራራ ግርጌ የተመሠረተች ከተማ ናት። ክረምት ሲገባ ከላይ የሚወርደው ጎርፍ በየቦዩ እየሞላ ያልፋል። አንዳንድ ሰው ይህን ጊዜ ይጠብቅና ጨለማን ተገን አድርጎ ቆሻሻውን በማዳበሪያ ከረጢት አስሮ ቦይ ውስጥ ይለቀዋል። «ጎርፉ ገላገለኝ» ብሎም ይተኛል። ጎርፉ ግን ወሰደው እንጂ አላጠፋውም። ፌስታሉ የቱቦውን አፍ ይዘጋል፤ ውኃው መውጫ ሲያጣ በታች በኩል ያለ ጎረቤት ቤት ይገባል፤ የቀረውም ምንጭና ወንዝ ይበክላል። ከዚያ ተቀድቶ ሳይፈላ ለሕፃን የተሰጠ ውኃ ተቅማጥ ያመጣል።

በየጥጋጥጉ የተጣለ ቆርቆሮና አሮጌ ጎማም ዝናብ ሲያቁር የትንኝ መራቢያ ይሆናል። በድሬዳዋ በ2006 ዓ.ም. የደንጊ፣ በ2011 ዓ.ም. ደግሞ የቺኩንጉንያ ወረርሽኝ ተነሥቶ ነበር። ሁለቱንም በሽታዎች የምታስተላልፈው ትንኝ እንዲህ ባለ የቆመ ውኃ ውስጥ የምትፈለፈል፣ በቀን የምትናከስ ናት።

ሕጉ ምን ይላል?

በ1987 ዓ.ም. የወጣው ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 44 ማንኛውም ሰው ንጹሕና ጤናማ በሆነ አካባቢ የመኖር መብት እንዳለው ይደነግጋል። የጎረቤትዎም መብት ነው ማለት ነው። በ1999 ዓ.ም. የወጣው የደረቅ ቆሻሻ አያያዝ አዋጅ ቁጥር 513 የቤተሰብ ኃላፊ እንደገና የሚያገለግለውን ቆሻሻ ከሚወገደው ለይቶ ወደ ተወሰነለት ቦታ እንዲያደርስ አዝዞ ነበር። በ2017 ዓ.ም. ደግሞ ፌስታልን የሚከለክል አዲስ አዋጅ በሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት ጸድቋል። ስለዚህ ዘንቢል ይዞ ገበያ መውጣት እንደ ድሮው ሊለመድ ነው፤ መልካም ነው።

አዋጁ «የቤተሰብ ኃላፊ» ሲል አባወራውንም ጭምር መሆኑ ይሰመርበት። በብዙ ቤት ቆሻሻ የሚያወጡት እናትና ልጆች ብቻ ናቸው። ነፍሰ ጡር ሴት ከባድ ከረጢት ተሸክማ ስትሄድ ባል ቆሞ ማየቱ አግባብ አይመስለኝም።

በመለየት እንጀምር

የወላይታ ገበሬ ይህን ትምህርት ከማንም በፊት ያውቀዋል። ከቤቱ አጠገብ ያለውን፣ ዳርኳ የሚባለውን መሬት በከብት እበት፣ በአመድና በቤት ጥራጊ እያዳበረ እንሰቱንና ቡናውን ያሳድግበታል። ራቅ ያለው ሾቃ ግን ይህን ስለማያገኝ ይሳሳል። ከተማ የገባን ሰዎች ይህን ሙያ ለምን ረሳነው? የድንች ልጣጭ፣ የጎመን ቅጠል፣ የቡና አተላና የበቆሎ ቆረቆንዳ ሁሉ ጓሮ ውስጥ በተቆፈረ ጉድጓድ ይበሰብሳል። በጨመሩ ቁጥር አፈር ወይም አመድ ቢያለብሱት ዝንብ አይወረውም። ጉድጓዱ ከውኃ ጉድጓድና ከምንጭ ቢያንስ 30 ሜትር ይራቅ፤ ከምንጩ በላይ በኩልም አይሁን።

ጠርሙስ፣ ቆርቆሮና የፕላስቲክ ጀሪካን ለቆራሌው ይሸጣል። የሚተርፈው ጥቂት ነው። እሱን አስሮ ለቤት ለቤት ሰብሳቢዎች መስጠት፣ ሰብሳቢ በማይደርስበት ሰፈር ደግሞ የተፈቀደው መጣያ የት እንደሆነ ቀበሌውን ወይም የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛዋን መጠየቅ ነው። ፌስታልና ፕላስቲክ ደጅ ላይ ማቃጠል መፍትሔ አይደለም፤ ጭሱ መርዛማ ነው፤ በተለይ ለነፍሰ ጡርና ለሕፃናት።

ለሰብሳቢ የሚሰጠውም ቢሆን ማነሱ ይጠቅማል። በአዲስ አበባ ለ50 ዓመት ያህል የተከመረው የቆሼ ቆሻሻ መጋቢት 2 ቀን 2009 ዓ.ም. ተደርምሶ ከ110 በላይ ሰዎች ሞተዋል። ብዙዎቹ ሴቶችና ሕፃናት ነበሩ።

ከክሊኒክ ወደ ቤት የሚገቡ ነገሮች

ብዙዎች በኀፍረት ስለማይጠይቁን ሳይጠየቅ እንናገረው። ያገለገለ ኮንዶም ሜዳ ላይ ከተጣለ ልጆች አንሥተው ይነፉታል። ስለዚህ አፉን ቋጥሮ፣ በወረቀት ጠቅልሎ፣ ከሚወገደው ቆሻሻ ጋር አስሮ መስጠት ይገባል። በውኃ በሚለቀቅ መጸዳጃ ውስጥ አይጣል፤ ቱቦ ይዘጋል። የወር አበባ ሞዴስና የሕፃን ዳይፐርም እንዲሁ ነው፤ ዳይፐሩ ከመጠቅለሉ በፊት ሰገራው ሽንት ቤት ይደፋ።

ቤት ውስጥ ኢንሱሊን የሚወጋ ሰው ካለ መርፌውን ወፍራም፣ ክዳን ባለው የፕላስቲክ ዕቃ ያጠራቅም። ቆሻሻ ሰብሳቢዋ እጇን የምትሰድበት ከረጢት ውስጥ መርፌም ሆነ ምላጭ እንዲሁ መጣል የለበትም። የሞላውን ዕቃ፣ ጊዜው ካለፈበት የወሊድ መከላከያ እንክብልና ከሌላም መድኃኒት ጋር፣ በሚቀጥለው ቀጠሮዎ ይዘው ይምጡና ለጤና ባለሙያዋ ያስረክቡ።