ስንት ቤት ያስፈልገናል?

በሊበን ቆላ የአርብቶ አደሩ ቤት ከእንጨትና ከሣር ይሠራል። በቦረና ባህል ቤት የምትሠራው ሴቷ ናት። ጎረቤቶቿ ያግዟታል። እንጨቱም ሣሩም ከአካባቢው ይገኛል።

ከ2013 እስከ 2015 ዓ.ም. ግን አምስት የዝናብ ወቅቶች ተከታትለው ከሸፉ። ከብት አለቀ። ብዙ ሰው ወደ ከተማ ዳር ተጠጋ። እዚያ እንጨትና ሣር በገንዘብ ነው። ቆርቆሮማ ከዚያም ይብሳል።

ታዲያ ስንት ቤት ይጎድለናል? ቤት ብቻ ብንቆጥር አናውቀውም። ቤተሰቡንም እንቁጠር። ለምሳሌ በአንድ መንደር 60 ቤተሰብና 48 ቤት አለ እንበል። 12 ቤተሰብ ከሌላ ጋር ተዳብሎ ይኖራል ማለት ነው። ከ48ቱ ቤቶች 10 ሊወድቁ ደርሰዋል እንበል። 12 ሲደመር 10፣ 22 ይሆናል። የሚያስፈልገው 22 ቤት ነው።

ባሏ የሞተባትና ዘመድ ቤት የተጠጋች ሴት ችግሯን አፍራ ላትናገር ትችላለች። ካልጠየቅናት ከቁጥር ትወጣለች። ከቁጥር የወጣ ከድርሻም ይወጣል።

አቅምንም እንጠይቅ። ቤተሰቡ ስንት ብር ይችላል? ጉልበቱን በደቦ ማን ያግዘዋል? ለቆርቆሮ ብሎ የመጨረሻዋን ላም የሸጠ ሰው ቤት አገኘ፤ ልጆቹ ግን ወተት አጡ።

ማንበብና መጻፍ የተማርነው ለዚህም ነው። ደብተር ይዘን በየደጁ እንሂድ። ዝርዝሩን በስብሰባ ላይ ጮክ ብለን እናንብበው። የተረሳ ካለ ይጨመር።

ጥያቄ፦ በመንደራችን ስንት ቤተሰብ፣ ስንትስ ቤት አለ?