ትምህርቱ ነጻ ነው፤ ጊዜውስ?

ከተማሪዎች መካከል ስታርትአፕ፣ ማለትም ጀማሪ የቴክኖሎጂ ድርጅት፣ ለመክፈት የሚያስብ ሁሉ በመጀመሪያ የሚያነሳው ጥያቄ «ገንዘቡ ከየት ይመጣል?» የሚል ነው። ዕውቀቱስ? ውድ አንባብያን፣ በዚህ ጽሑፍ በኢንተርኔት ያለ ክፍያ የሚገኙ ትምህርቶችንና አጠቃቀማቸውን ባጭሩ እንመለከታለን።

ነገሩ ዛሬ የተጀመረ አይደለም። የአሜሪካው ኤም.አይ.ቲ. የትምህርት ክፍሎቹን ማስታወሻዎች ለዓለም በነጻ እንደሚለቅ ያስታወቀው እ.ኤ.አ. በ2001 ነበር። በ2012 እነ ኮርሴራ ተከተሉ። በዚያው ዓመት ስቲቭ ብላንክ ስለ ስታርትአፕ አመሠራረት በዩዳሲቲ በኩል በነጻ አስተማረ። በ2014 ደግሞ ሳም አልትማን በስታንፎርድ ዩኒቨርሲቲ ያዘጋጀው የ20 ክፍለ ጊዜ ኮርስ በቪዲዮ ተለቀቀ። ዋይ ኮምቢኔተርም «ስታርትአፕ ስኩል» የተባለውን ትምህርት ያለ ክፍያ ይሰጣል፤ ከተማሪው ድርጅት ድርሻ አይወስድም። በአገራችን በ2024 የተጀመረው «የአምስት ሚሊዮን ኮደሮች» መርሐ ግብር የፕሮግራሚንግ፣ የአንድሮይድ፣ የዳታ ሳይንስና የአርቴፊሻል ኢንተለጀንስ መሠረታዊ ትምህርቶችን ይዞ መጥቷል።

ታዲያ ከየትኛው እንጀምር? እዚህ ላይ ልብ ማለት ያስፈልጋል። ትምህርቶቹ ሁለት ዓይነት ናቸው፦ አንዱ ዕቃውን መሥራት ያስተምራል፣ ሌላው ዕቃው ለማን እንደሚጠቅም ማወቅን ያስተምራል። ብዙዎቻችን የምንሮጠው ወደ መጀመሪያው ነው። ለምሳሌ አንድ ልጅ የመርካቶ ባለሱቆች ዱቤ የሚመዘግቡበት የሞባይል መተግበሪያ ሊሠራ አሰበ እንበል። ስድስት ወር ኮድ ሲማር ከርሞ ሠርቶ ቢያመጣውና ባለሱቁ «እኔ ደብተሬ ይሻለኛል» ቢለው ምን ይውጠዋል? ስድስቱ ወር አይመለስም! የብላንክ ትምህርት ፍሬ ነገር ይኸው ነው፤ ሐሳባችሁ ገና ግምት ስለሆነ፣ ከመሥራታችሁ በፊት ከቤት ወጥታችሁ ደንበኛውን ጠይቁ ይላል። አሥር ባለሱቅ ማነጋገር ደግሞ ኮድ አይጠይቅም።

ነጻ ሲባልም ሁሉ ነገር ነጻ ነው ማለት አይደለም። ኮርሴራ ላይ ለሰርተፍኬት በአብዛኛው ይከፈላል። ቪዲዮ ዳታ ይበላል። ስለዚህ የኤም.አይ.ቲ.ን ጽሑፎች ኢንተርኔት ባለበት ቦታ አንዴ አውርዶ በኋላ ያለ ኔትወርክ ማንበብ ይበጃል።

ከሁሉ የሚከብደው ግን መጨረስ ነው። አስተማሪ አይቆጣ፣ ፈተና አያስፈራ፤ ሰው በሦስተኛው ቪዲዮ ላይ ይጠፋል። ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ ይባል የለ? የስታንፎርዱን 20 ክፍለ ጊዜ አምስት ጓደኛሞች ቢከፋፈሉት ለያንዳንዱ አራት ይደርሰዋል። እያንዳንዱ የደረሰውን አይቶ ለሌሎቹ በአማርኛ ቢያስረዳ፣ ዳታውም ይቆጠባል፣ እንግሊዝኛው የሚከብደውም ይረዳል፣ የሚጠፋውንም «የት ደረስክ?» የሚለው ያገኛል።

እንግዲህ መማሪያው ሞልቷል። ኮርስ ከመምረጣችሁ በፊት ግን ለማን ምን ልትሠሩ እንደሆነ በአንድ ዓረፍተ ነገር ጻፉ፤ መጻፍ ካቃታችሁ መጀመሪያ የምትሄዱት ወደ ኮምፒውተሩ ሳይሆን ወደ ባለሱቁ ነው።