ጅብ ኪስ የለውም፦ የኮምፒዩተር ጨዋታ እንዴት ያስቃል?

እስቲ አንድ ነገር በዐይነ ኅሊናችሁ ሣሉ። የኮምፒዩተር ጨዋታ እየተጫወታችሁ ነው። ባለታሪካችሁ ከጣርማ በር ቁልቁለቱን ወርዶ፣ ደብረ ሲናን አልፎ ቀወት ገብቷል። ሸዋሮቢት ሊደርስ ጥቂት ሲቀረው ጅብ ይገጥመዋል፤ በጦር ይጥለዋል። ጅቡ እንደ ወደቀ ከገላው 40 ብር፣ አንድ የብረት ጋሻና ሁለት ጠርሙስ መድኃኒት ዱብ ዱብ ይላሉ። ልምድ ያለው ተጫዋች ምንም ሳይገርመው ሰብስቦ መንገዱን ይቀጥላል። አጠገባችሁ የተቀመጡት አያታችሁ ግን «ምነው ልጄ፣ ጅብ ከመቼ ወዲህ ነው ኪስ ያወጣው?» ብለው ይጠይቃሉ።

የአያታችሁ ጥያቄ ከመሳቅ አልፎ ሊጠና የሚገባው ነው። በዚህ ጽሑፍ ቀልድና ስላቅ በምናባዊ የጀብዱ ጨዋታዎች ውስጥ እንዴት እንደሚሠሩ፣ ከአገራችን የአነጋገር ጥበብ ጋር ምን እንደሚያገናኛቸውና የአገር ልጆች የራሳቸውን ጨዋታ ሲሠሩ ከዚህ ምን እንደሚማሩ እንመለከታለን።

፩. በቅድሚያ ቃላቱን እንለይ

ቀልድ ዓላማው ማሳቅ ነው። ስላቅ ግን ዒላማ አለው፤ አንድን ጉድለት፣ አንድን ልማድ ወይም አንድን ባለሥልጣን በሣቅ ያጋልጣል። ምፀት ደግሞ የሚናገሩትን ተቃራኒ ማሰብ ሲሆን፣ ለስላቅ ዋና መሣሪያ ሆኖ ያገለግላል። የምንነጋገርበት የጨዋታ ዘርፍ ተጫዋቹ የአንድን ገጸ ባሕርይ ሚና ይዞ በምናባዊ ዓለም የሚጓዝበት፣ የሚዋጋበትና እያደር ኃይሉን የሚያጎለብትበት ነው።

ሰው ለምን ይስቃል? ጀርመናዊው ፈላስፋ ኢማኑኤል ካንት እ.ኤ.አ. በ1790 ባሳተመው መጽሐፉ ሣቅ የሚመጣው ተወጥሮ የቆየ ግምት በድንገት ወደ ምንም ሲለወጥ ነው ብሎ ነበር። እ.ኤ.አ. በ2010 ደግሞ ፒተር ማክግሮውና ካሌብ ዋረን የተባሉ ተመራማሪዎች ሁለት ሁኔታዎችን አጣምረው አቀረቡ። በእነርሱ አስተያየት አንድ ነገር የሚያስቀው ደንብ ሲጣስና ጥሰቱም በዚያው ቅጽበት ጉዳት የሌለው መስሎ ሲታይ ነው። ከሁለቱ አንዱ ቢጎድል ሣቁ ይከሽፋል። ደንብ ካልተጣሰ ነገሩ ተራ ይሆናል፤ ጥሰቱ ከጎዳ ደግሞ ያስቆጣል ወይም ያሳዝናል። ይህን ሁለተኛ ነጥብ ያዙት፤ ወደ ኋላ እንመለስበታለን።

፪. በራሱ ላይ የሚስቅ ጨዋታ

ለዚህ ጥሩ ምሳሌ የሚሆነን እ.ኤ.አ. በ2004 ኢንኤክዛይል ኢንተርቴይንመንት የተባለው የአሜሪካ ኩባንያ ያወጣው «ዘ ባርድስ ቴል» ነው። ስሙን የወረሰው እ.ኤ.አ. በ1985 ከወጣ ቀደምት ጨዋታ ነው። ባርድ በጥንቷ አውሮፓ በመሣሪያ እየታጀበ ታሪክ የሚያዜም ገጣሚ ሲሆን፣ በእኛ አገር የቅርብ ዘመዱ አዝማሪ ነው። የዚህ ጨዋታ ባለታሪክ ዓለምን ለማዳን አልተነሣም፤ የሚያሳስበው ገንዘቡና ምቾቱ ነው። በዜማው ረዳት ፍጥረታትን መጥራት ይችላል፤ መጀመሪያ የሚጠራት ግን አንዲት አይጥ ናት።

በዚህ ዘርፍ የለመደ ተጫዋች ሦስት ደንቦችን ያውቃል። አንደኛ፣ የጀማሪ የመጀመሪያ ሥራ ምድር ቤት ወርዶ አይጥ መግደል ነው። ጨዋታውም ባለታሪኩን አይጥ ግደል ብሎ ምድር ቤት ያወርደዋል፤ ተጫዋቹ በቀላሉ ጨረስሁ ሲል እሳት የምትተፋ ግዙፍ አይጥ ትወጣበታለች። ሁለተኛ፣ በትንቢት የተመረጠው ወጣት አይሞትም። እዚህ ግን «የተመረጡት» ብዙ ናቸው፤ በየመንገዱም ሞተው ይገኛሉ። ሦስተኛ፣ ተራኪው የባለታሪኩ ወዳጅ ነው። በዚህ ጨዋታ ተራኪው ባለታሪኩን አይወድደውም፤ ሁለቱ ይነታረካሉ።

ልብ በሉ፤ ሦስቱም ቀልዶች የቃላት ጨዋታ አይደሉም። የተጣሰው የጨዋታው ሥርዐት ራሱ ነው። ልብ ወለድ በዐረፍተ ነገር ያላግጣል፤ ጨዋታ ግን በሕጉ ማላገጥ ይችላል። ተጫዋቹ ሕጉን በእጁ ስለሚሠራበት ስላቁ ለራሱም ይደርሰዋል፤ «እኔስ እስከ ዛሬ ይህን ሁሉ አይጥ ለምን ገደልሁ?» ያሰኘዋል።

፫. ሣቅ በፕሮግራም ሲጻፍ

መድረክ ላይ የቆመ ቀልደኛ ጊዜውን ራሱ ይቈጣጠራል፤ ዝም ብሎ፣ ታዳሚውን አይቶ፣ በትክክለኛው ቅጽበት ይናገራል። በጨዋታ ውስጥ ግን ጊዜው በተጫዋቹ እጅ ነው። ስለዚህ ጸሐፊው ቀልዱን ከሰዓት ጋር ሳይሆን ከድርጊት ጋር ያስረዋል፦ «ተጫዋቹ ሦስተኛውን ጅብ ከገደለ፣ ጋሻም ካገኘ፣ ያን ጊዜ አያቲቱ ይናገሩ።» ይህም ማለት ቀልዱ በቅድመ ሁኔታ የሚመራ ትእዛዝ ነው።

ሁለተኛው ችግር ድግግሞሽ ነው። አያቲቱ 5 ልዩ ልዩ ንግግሮች አሏቸው እንበል። ፕሮግራሙ በየጊዜው አንዱን በነጻ ዕጣ ቢመርጥ፣ አሁን የተሰማው ንግግር ወዲያው የመደገሙ ዕድል ከ5 አንድ ወይም 20 በመቶ ነው። በ10 ንግግሮች ውስጥ አንዱም ተከታትሎ ያለመደገሙን ዕድል ለማግኘት 0.8ን ዘጠኝ ጊዜ እናባዛለን፤ ውጤቱ 0.134 ገደማ ነው። ስለሆነም ከመቶ 87 ያህል ዕድል አንድ ቀልድ ቢያንስ አንድ ጊዜ ተከታትሎ ይደገማል፤ የተደገመ ቀልድ ደግሞ ግምትን ስለማይሰብር ይሞታል። መፍትሔው ዕጣውን ከቆብ አውጥቶ አለመመለስ ነው። አምስቱም ወጥተው እስኪያልቁ አንዱም አይደገምም፤ አዲሱ ዙር ሲጀመርም የመጨረሻው ንግግር መጀመሪያ እንዳይወጣ አንድ ትእዛዝ መጨመር ይበቃል።

፬. ሰምና ወርቅ እንደ ተለዋዋጭ

«ዘ ባርድስ ቴል» በብዙ ንግግሮች ላይ ለተጫዋቹ ሁለት ምርጫ ይሰጠዋል፦ በጨዋነት መመለስ ወይም በስላቅ መመለስ። ምርጫው ውጤት አለው፤ ለምሳሌ መጀመሪያ ላይ ለምታገኙት ውሻ ደግ ከሆናችሁ ተከትሏችሁ ይሄዳል። ይሁን እንጂ ጨዋነትና ስላቅ ሁለት የተለያዩ ዐረፍተ ነገሮች ናቸው። በአማርኛ ግን ሁለቱን በአንድ አፍ መናገር ይቻላል። አለቃ ገብረ ሐና በ19ኛው መቶ ዘመን ስማቸው የገነነው በዚሁ ጥበብ ነው፤ አዝማሪም «ተቀበል» ተብሎ የተሰጠውን ስንኝ በማሲንቆው ሲያዜም ባለቤቱም ጠላቱም በአንድነት ያዳምጡታል።

ወደ ሸዋሮቢት እንመለስ። የይፋት ቆላ በሽንኩርትና በማሾ ይታወቃል። ባለታሪካችን ገበሬ ሽንኩርቱን አስመዝኖ ሲያበቃ ሚዛኑ እንደ ሰረቀው ያውቃል እንበል። ለደላላው በትሕትና እጅ ነሥቶ «እግዚአብሔር የሥራዎን ይስጥዎ» ይለዋል። ሰሙ ምርቃት ነው፤ ወርቁ ግን እርግማን። በፕሮግራሙ ውስጥ እያንዳንዱ ገጸ ባሕርይ «ሰም ሰሚ» ወይም «ወርቅ ሰሚ» የሚል ተለዋዋጭ ይኑረው። ደላላው ሰም ሰሚ ስለሆነ «አሜን» ብሎ ጥቂት ብር ይጨምራል። ጆንያ የሚጭኑት ወዛደሮች ወርቁን ሰምተው አንገታቸውን ደፍተው ይስቃሉ፤ ለገበሬውም ያላቸው አክብሮት ይጨምራል። የደላላው ጸሐፊም ወርቅ ሰሚ ሆኖ ከተገኘ ግን ነገሩ ለአለቃው ይደርሳል። በአንድ ዐረፍተ ነገር ሦስት ውጤት ተገኘ ማለት ነው፤ ይህን ደግሞ ከሌላ ቋንቋ ተርጕሞ ማምጣት አይቻልም። በአዲስ አበባ «ኩኩሉ» የተባለውን፣ ከገበሬ የምታመልጥ ዶሮ የምትሮጥበትን ጨዋታ የሠራው ድርጅት «ቅኔ ጌምስ» የሚል ስም መምረጡም ለዚህ ሐሳብ የሚስማማ ነው።

፭. በማን ላይ እንስቃለን?

አሁን ወደ ያዝነው ነጥብ እንመለስ። ጥሰቱ ጉዳት የሌለው መስሎ መታየት አለበት ብለናል። ለማን? በይፋት ገበያዎች አማራው፣ አርጎባው፣ አፋሩና ኦሮሞው ይገናኛሉ። አንድ ወጣት ፕሮግራመር ለማሳቅ ብሎ የአንዱን ሕዝብ አነጋገር ለሌባው ገጸ ባሕርይ ቢሰጥ፣ ለአንዱ ተጫዋች ቀልድ የሆነው ለሌላው ስድብ ይሆናል። በ2013 ዓ.ም. መጋቢትና ሚያዝያ በአጣዬ፣ በሸዋሮቢትና በአካባቢው በደረሰው ግጭት ሰዎች ሞተዋል፤ ብዙዎችም ተፈናቅለዋል። ያን ባየ ምድር ጎረቤትን መሳቂያ ማድረግ ጉዳት የሌለው ጥሰት ሊባል አይችልም።

ከዚህ በተቃራኒ ኪስ ባወጣው ጅብ፣ በሚሰርቀው ሚዛን፣ ሁልጊዜ በሚያሸንፈው «ምርጥ» ጀግና ላይ ሁሉም በአንድነት ይስቃል፤ ምክንያቱም ዒላማው የሰው ዘር ሳይሆን ያለ ጥያቄ የተቀበልነው ሕግ ነው። እንግዲህ ጥሩ ስላቅ የሚጽፍ ሰው አስቀድሞ ሕጉን ጠንቅቆ ያጠናል፤ ቀጥሎ አያታችሁ የጠየቁትን ዐይነት ጥያቄ ይጠይቃል፤ በመጨረሻም ሣቁ የማንን ፊት እንደሚያጠቁር ያመዛዝናል።

ለውይይትና ለመልመጃ

ሀ) ከምታውቁት ጨዋታ ማንም የማይጠይቀውን አንድ ደንብ ጥቀሱ። ያን ደንብ የሚጥስ ትዕይንት በአንድ አንቀጽ ጻፉ።

ለ) አያቲቱ 8 ንግግሮች ቢኖሯቸውና ምርጫው በነጻ ዕጣ ቢሆን፣ በ10 ንግግሮች ውስጥ ቢያንስ አንድ ንግግር ተከታትሎ የመደገሙ ዕድል ስንት ነው?

ሐ) የራሳችሁን አንድ ሰምና ወርቅ ያለው ዐረፍተ ነገር ፍጠሩ። በአካባቢው ካሉት ገጸ ባሕርያት ማን ሰሙን፣ ማን ወርቁን እንደሚሰማ፣ ከዚያም ምን እንደሚከተል በሠንጠረዥ አሳዩ።