ስለ ጌታና ስለ ሠራተኛ መተማመን

ልጆች ሆይ፤ ሠራተኛ ለሥራው ልቡን የሚሰጠው ስለ ምን እንደ ሆነ ታውቃላችሁን? እንግዲህ በስኮትላንድ አገር የሆነውን ስሙ።

በዚያ አገር፥ ክላይድ በሚባል ወንዝ ዳር፥ ኒው ላናርክ የምትባል መንደር አለች። በመንደሪቱም በውሃ ኃይል የሚዞር ታላቅ የጥጥ መፍተያ ፋብሪካ ነበረ። እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር በ1800 ዓ.ም. ሮበርት ኦወን የሚባል ሰው የፋብሪካው አስተዳዳሪ ሆነ። ሠራተኞቹ ግን አላመኑትም፤ ከሌላ አገር የመጣ እንግዳ ነበረና። ጉልበታችንን ሊበላ መጣ ብለው ጠረጠሩት።

ከጥቂት ዓመታት በኋላ አሜሪካ ጥጥ ከአገርዋ እንዳይወጣ ከለከለች። የጥጥ ዋጋ እጅግ ስለ ተወደደ ኦወን ፋብሪካውን አቆመ። ከሌሎች የፋብሪካ ጌቶች አንዳንዶቹ ሠራተኞቻቸውን አሰናበቱ። እርሱ ግን አንዱንም አላሰናበተም። መኪናዎቹን እየወለወሉ እንዲጠብቁ አዘዛቸው፤ 4 ወርም ሙሉ ደመወዛቸውን ምንም ሳያጎድል ከፈላቸው። የከፈለውም ገንዘብ ከ7,000 ፓውንድ ይበልጥ ነበር። ከዚያ ወዲህ የሠራተኞቹ ልብ ወደ እርሱ ተመለሰ።

ኦወን ሰነፉን በዱላ ማስመታት አልወደደም። በየሠራተኛው አጠገብ አራት ጎን ያላት ትንሽ እንጨት አሰቀለ። ጥቁሩ ጎን መጥፎውን ሥራ፥ ሰማያዊው መካከለኛውን፥ ብጫው መልካሙን፥ ነጩ እጅግ መልካሙን ያሳይ ነበር። የትናንቱን ሥራ እንድታሳይ እንጨቲቱን የሚያዞራት አለቃው ነው። ነገር ግን አለቃው አዳልቶብኛል የሚል ሠራተኛ ቢኖር፥ ወደ ኦወን ቀርቦ አቤት ይል ዘንድ ተፈቅዶለት ነበር። በመጀመሪያ ጥቁሩ በዝቶ ይታይ ነበር፤ ቀስ በቀስ ግን ብጫውና ነጩ እየበዛ ሄደ።

እንግዲህ አስተውሉ። ሠራተኛ ጌታውን የሚያምነው በደግ ቀን በሚሰማው ቃል አይደለም፤ በክፉ ቀን በሚያየው ሥራ ነው። አቤቱታን የሚሰማ ጌታ ቢገሥጽም ተግሣጹ አያስከፋም፤ ያለ አድልዎ እንደ ሆነ ይታወቃልና።

እናንተም አድጋችሁ አዛዥ ብትሆኑ የሠራተኛውን ዋጋ አታጉድሉ፤ የተበደለውንም ስሙት። ታዛዥ ብትሆኑ ደግሞ፥ የሚያያችሁ ሰው ባይኖርም እንኳ ሥራችሁን በቅን ሥሩ። አደራ ከሁለት ወገን ካልተጠበቀ አይጸናም።