የዱከም ገበሬ አቤቱታ

ጥያቄ፦ በዱከም ዙሪያ መሬቱ ለኢንዱስትሪ የተፈለገበት ገበሬ ማንን ያነጋግራል?

መልስ፦ በሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 40 መሬት የመንግሥትና የሕዝብ ነው፤ ገበሬው ያለው የመጠቀም መብትና ያፈራው ንብረት ነው። በአዲስ አበባና በአዳማ መንገድ ላይ ባለችው፣ በቻይናውያን የለማው የምሥራቅ ኢንዱስትሪ ዞን በሚገኝባት ዱከም፣ ይህ ልዩነት በየማሳው ይታያል።

የመጀመሪያው ደጃፍ ቀበሌ ነው። ቀበሌ ግን ባለይዞታነትን ይመሰክራል እንጂ መሬት አያስለቅቅም፤ ብዙ ቀን የሚባክነውም ይህን ባለማወቅ ነው። ማስለቀቅ የወረዳ ወይም የከተማ አስተዳደር ሥልጣን ነው።

መሬት ለሕዝብ ጥቅም ስለማስለቀቅ የወጣው አዋጅ ቁጥር 1161/2011 አስተዳደሩ ከማስለቀቁ በፊት ቢያንስ ከአንድ ዓመት አስቀድሞ ተነሺዎችን እንዲያወያይ ደንግጓል። መሬቱ በአስቸኳይ ከተፈለገ ግን ጊዜው ሊያጥር ይችላል፤ ይህች ቀዳዳ ጠባብ አይደለችም።

የማስለቀቂያ ትእዛዙ የደረሰው ገበሬ በ30 ቀናት ውስጥ ለአቤቱታ ሰሚ አካል ያመለክታል። ቀጥሎ ይግባኝ ሰሚ ጉባኤ፣ ከዚያም ፍርድ ቤት አለ። ቀኑ ካለፈ ጥሩ ክርክርም ዋጋ ያጣል። ካሳን በተመለከተ ደግሞ፣ አዋጁ በ2016 ሲሻሻል፣ ለፌዴራል ፕሮጀክቶች ካሳ የመክፈል ኃላፊነት ወደ ክልሎች ተዛውሯል።

የይዞታ ደብተር፣ የግብር ደረሰኝና ንብረቱ የተቆጠረበት ቅጽ ቅጂ ከአቤቱታው ጋር አብረው ይቀርባሉ።